ሚጡ ድምጿ ከጠፋ

እታለም፣ ሁለቴ ብቀሰቅስሽ «እሺ» ብለሽ ተገላበጥሽ። የመዋለ ሕጻናቱ ደውል ሊደወል ነው፤ ልጆቼ ያለ እኔ አስተማሪ የላቸውም።

ሚጡን አጠገብሽ አስተኝቻታለሁ። ዓይኗን ጨፈነች እንጂ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

የልብስ ማጠቢያውን ሶኬት ነቅያለሁ። እንዳትሰኪው!

ጠዋት ልብስ ልከትበት ስል እጄ ጸጉር ነካ። ልጅሽ ውስጡ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ቀደም ብዬ ስሟን እየጠራሁ ቤቱን ስዞር ትንፍሽ አላለችም ነበር። አግኝቻት ስጮህ ምን አለችኝ መሰለሽ?
«ማሽኑ ውስጥ ነሽ በይኛ!»

«ላይ፣ ስር፣ ኋላ፣ ውስጥ» የሚሉትን በድብብቆሽ ነበር ያስተማርኳት። ያለችበትን ቦታ በትክክል ካልነገሯት አትወጣም። ክፍሌ ውስጥ እንደዚሁ ነው የምናጫውታቸው፤ እዚያ ግን የሚዘጋ ነገር የለም። የእኛን ቤት አላሰብኩትም።

ዝም የሚያሰኛት ጨዋታ ፈልጊልኝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ይሁን፣ አሁን አላነሳውም።

ጨዋታው ቀርቷል ስላት ሳቀችብኝ። ስለዚህ ዛሬ ማዳመጫሽን ጆሮሽ ላይ እንዳታደርጊ፣ እባክሽ። ድምጿ ከጠፋ ስሟን አትጥሪ፤ አትመልስልሽም። ቦታውን ጥሪ፣ እየከፈትሽም እዪ።
«ፍሪጅ ውስጥ ነሽ።»
«ሻንጣ ውስጥ ነሽ።»
«ቁም ሳጥን ውስጥ ነሽ።»

ምትክ ሰው እንዳገኘሁ እየሮጥኩ እመጣለሁ።

ከአልጋው ስር እንዳትጀምሪ። እዚያ አየር አለ።