ሦስተኛውን ጥያቄ ስጠብቅ

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለዳሪን፦

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ መረብ ስትጎትት አሁንም ያምሃል? ቴሳስ ደህና ናት? ልጃችሁ ኦወን ጥርስ አወጣ? እዚያ አላስካ ደሴታችሁ ላይ ስልኩ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ስለሚቋረጥ፣ ይህን ሁሉ ወሬ በስልክ አልችለውም ብዬ ብዕር አነሣሁ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬም ጤናዋ ደህና ነው፣ ምላሷም እንደ ድሮው ነው። በቆሎው በዝናብ ብዛት ዘግይቷል፤ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ እያየ ነው።

እኔ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ መቀመጥ አቅቶኛል። ሰሞኑን የልብስ ማጠቢያውን ፈትቼ ገጠምኩት፤ ምንም አልሆነም ነበር እኮ። ብሪታ "እማ፣ ደግሞ ምን ልትፈቺ ነው?" እያለች ትከተለኛለች። ያ የነገርኩህ የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ የኤሌክትሪክ ጥገናው ትምህርት ነው እንዲህ የሚያደርገኝ። ምዝገባው በዚህ ሳምንት ዓርብ ያበቃል።

ፋብሪካው ውስጥ የተርኪ ዶሮ ሥጋ ስቆርጥ ዕድሜዬን ጨረስኩ። ቢላ የምይዝበት እጄ ጠዋት ጠዋት ይደነዝዝብኛል። ማሽኑ ሲቆም መቶ ሰው እጁን አጣጥፎ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ ከሰውየው ጀርባ ቆሜ የሚያደርገውን ማየት ከጀመርኩ ቆየሁ። ምነው እኔ በሆንኩ እላለሁ። የትምህርቱ ክፍያ ዐሥራ ሁለት ሺህ ዶላር ነው፤ እሱስ በብድርም በምንም ይገፋል። የሚያስፈራኝ የሚቀርብኝ ደመወዝ ነው። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ሠርቼ የቤት ኪራይ ከየት አመጣለሁ? ስጨርስ የማገኘው ያሁኑን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም ይላሉ። ይላሉ ነው እንግዲህ። ጣቶቼስ ቀጭኑን ሽቦ ለመያዝ እሺ ይሉኛል? እማዬን ባማክራት "ላም አለኝ በሰማይ" ብላ ሳቀችብኝ።

አሁን ደግሞ የሠራሁትን ጉድ ስማ። በጁን ወር አዲሱ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ቲለሪ ቢሮ አስጠሩኝ። ከቴክሳስ የመጡ፣ ሳቃቸው እስከ ማቀዝቀዣው ክፍል የሚሰማ ሰው ናቸው። "ድርጅቱ አንድ ሠራተኛ ከነደመወዙ የኤሌክትሪክ ጥገና ሊያስተምር ነው። አንቺን አስቤያለሁ፤ ምን ትያለሽ?" አሉኝ። ዳሪን፣ ልቤ በአፌ ልትወጣ ደረሰች። "ኧረ እኔ ምንም አልል፣ ከእኔ የባሰበት አይጠፋም" አልኳቸው። "እርግጠኛ ነሽ?" አሉኝ። "ኧረ ይቅር፣ እኔን ብለው አይቸገሩ" አልኩ።

ያገራችን የሚኒሶታ ወግ መቼም አይጠፋህም። አንዴ እምቢ፣ ሁለቴ እምቢ፣ በሦስተኛው "እንግዲህ ካሉማ" ነው። ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የመጨረሻዋን ቁራጭ ኬክ ፍርፋሪ እስክትሆን ግማሽ ግማሹን እየቆረጥን የማንጨርሳት ሰዎች አይደለን? እኔም "እንግዲህ ካሉማ"ን ምላሴ ላይ አዘጋጅቼ ቆምኩ። እሳቸው ግን "በይ እሺ፣ እንዳልሽ ይሁን" ብለው በሩን ከፈቱልኝ። በማግስቱ ዕድሉ ለትራቪስ ተሰጠ። ትራቪስ ዓምና ከአርካንሳስ መጥቶ የተቀጠረ ነው፤ ጥያቄው ሳያልቅ "እሺ" አለ አሉ። እሱን አልጠላሁትም። ራሴን ነው የጠላሁት።

አጠገቤ የምትቆርጠው ሎሬታ "አንቺ ሞኝ፣ ተመልሰሽ ሄደሽ አትነግሪያቸውም?" አለችኝ። "ምን ብዬ? ሦስተኛውን ረስተዋል ልበላቸው?" ብላት በሳቅ ፈረሰች። ሳቋ ሲያልፍላት ግን "እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የምለው" አለች። ይሉኝታ እንዲህ አድርጎ ነው የሚበላን፣ ወንድሜ።

ትናንት እማዬ ጋ ሄጄ ባቄላ እየቀነጠስን ነበር። ቀና እንኳ ሳትል "ያን ቤት ልቀቂና ሁለቱን ዓመት እኔ ጋ ኑሩ፤ ብሪታን እኔ አያታለሁ። የዳሪን ክፍል እንደሆነ ባዶውን ነው" አለችኝ።

"እሺ" አልኳት። ወዲያው፣ በመጀመሪያው።

ባቄላው እጇ ላይ ቀረ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ግብዣ አዘጋጅታ ነበር መሰለኝ፣ ይዛቸው ቀረች። "እሺ አልሽ?" አለችኝ። "አዎ" አልኩ። ከልቧ ይሁን ለይስሙላ እስካሁንም አላውቅም። እጇን ታጠበች፣ ደግማ ታጠበች። ከዚያ "አባትሽ ላግባሽ ሲለኝ ሁለቴ እምቢ አልኩት። ሦስተኛውን ሳይጠይቀኝ ክረምቱ በሙሉ አለፈ። በዚያ ክረምት ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው" አለችኝና፣ አልጋ ልታነጥፍ ወደ ክፍልህ ወጣች።

ነገ ሄጄ እመዘገባለሁ። ልክ ሠራሁ ወይስ አበላሸሁ? ይህን ስጽፍልህ እንኳ ስንቴ ተነሥቼ ተቀመጥኩ።

ቴሳን በጣም አድርገህ ሳምልኝ፤ ኦወንንም ጉንጩን ሁለቴ ሳምልኝ። ብሪታ "አጎቴ የባሕር አንበሳ ፎቶ ይላክልኝ" ብላለች። ሎሬታም ሰላም በይልኝ ትላለች። እማዬ ሹራብህን እየጨረሰች ነው፤ ቀለሙን እንዳትጠላው ብላለች።

ክፍልህን ሳላስፈቅድህ ወሰድኩብህ። "ኧረ ምንም አይደል" እንደምትለኝ አውቃለሁ። ቅር ካለህ ግን፣ በእናታችን ይዤሃለሁ፣ ቅር ብሎኛል ብለህ ጻፍልኝ።

እህትህ ጃኔል
ኖርድቢ፣ ሚኒሶታ
ኦገስት 11 ቀን 2019