በየትኛው ዓይንህ አይተህ ነው?

ሐሙስ ጠዋት፣ ከፀጉር ቤቱ

ለምወድህ ልጄ፣ ለፈላስፋዬ፤

እንዴት ነህ አልልህም። ትናንት በስልክ «ደህና ነኝ» ያልክበት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ስልክህን አታነሳም። ዛሬ አንዷን ደንበኛዬን ፀጉሯ እንዲደርቅ ካስክ ሥር አስቀምጬ ረሳኋትና ጆሮዬ ተቃጠለ ብላ ጮኸች። «ምን ነካሽ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ልጄ ተረጋጋብኝ ልበላት?

እስኪ ያልከኝን ልድገምልህ። «እማ፣ አትደንግጪ። ከብዙ ወራት ወዲህ ሐዘንም ደስታም አይሰማኝም። ስሜት ሲጠፋ ነገሩ ጥርት ብሎ ይታያል። ሁሉንም መዝኜዋለሁ፣ የእኔ መኖር ምንም ዋጋ የለውም» አልከኝ። የሽንኩርት ዋጋ የምትነግረኝ ይመስል! መጽሐፎችህን ለጓደኞችህ አከፋፍለሃል። ካፖርትህንም ብርዱ ሳይወጣ ለወንድምህ ልከሃል። እህትህ «ዕቃ እያቀለለ ነው፣ አንቺ ደግሞ ነገር ታበዢያለሽ» ትለኛለች። እኔ ግን ገብቶኛል። ልትሞት ነው ያሰብከው። ይኸው ጻፍኩት፤ ምነው እጄን በቆረጠው።

ለእረፍት የመጣህ ጊዜ ትዝ ይልሃል? እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ስለምትማረው ነገር ደንበኞቼን ስታስተምር ዋልክ። እሳት የማያስፈራው ሰው እሳትን አየ አይባልም፣ ሙቀቱንና ብርሃኑን ነው ያየው፣ አደጋነቱን የሚያሳየን ፍርሃት ነው አልክ። የነገርን ዋጋ የሚያየው ስሜት ነው፣ የአእምሮ ሥራ ስሜትን ዝም ማሰኘት ሳይሆን «ምን አየህ?» ብሎ መጠየቅ ነው አልክ። ጎረቤታችን ዳቦ ሻጯ «እንግዲያው ባሌ ሲያስጠላኝ እውነትም አስጠሊታ ነው ማለት ነዋ!» ስትልህ፣ «አይ እትዬ፣ መጀመሪያ ይጣራ» አልካት። ያን ቀን ከሆድህ ነበር የሳቅከው።

ታዲያ ዋጋ የሚታየው በስሜት ከሆነ፣ ስሜትህ የጠፋብህ ሰው የራስህን ዋጋ በየትኛው ዓይንህ አይተህ ነው «የለም» ያልከው? መልስልኝ እንጂ! መብራት ስለጠፋ ዕቃው ከቤት ወጣ ይባላል? ጥርት ብሎ አልታየህም ልጄ፣ ጭራሽ አልታየህም። የእኔ ፍርሃት ግን ዋጋህን እያየ ነው። እንዳስተማርከን ጠይቀው፣ መርምረው፤ የእናት ነገር ነው ብለህ ብቻ አትጣለው።

ቀትር ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ

ፀጉር ቤቱን ዘግቼ ተነሳሁ። ጽሕፈቴ የተንጋደደው በመንገዱ ነው። አጠገቤ ያለው ሰውዬ «ለማን ነው?» አለኝ። «ለልጄ፣ ወደ እሱ እየሄድኩ ነው» ስለው፣ «ታዲያ ደርሰሽ አትነግሪውም?» ብሎ ሳቀብኝ። ፊትህ ስቆም ከማልቀስ በቀር አንድ ቃል እንደማይወጣኝ የት ያውቃል! ሾፌሩ ደግሞ ይንቀረፈፋል፤ ስድብ ምላሴ ላይ ደርሶ ነው የመለስኩት። ፈጣሪዬን አድርሰኝ ብቻ፣ ሌላ ምንም አልለምንህም እያልኩት ነው።

አመሻሽ ላይ

ከበርህ ውጭ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጫለሁ። አንኳኳሁ፣ ተጣራሁ፣ አልከፈትክልኝም። የአከራይህ ሚስት «አልወጣም፣ ቅድም ውሃ ሲቀዳ ሰምቼዋለሁ» አለችኝ። አሁን ደግሞ እኔው ራሴ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። አለህ! ተመስገን፣ አለህልኝ! ባሏ ትርፍ ቁልፍ ሊያመጣ ሄዷል። እኔ ግን አንተው እንድትከፍትልኝ ነው የምፈልገው።

ክርክሩን ተወው። የተማርከው አንተ ነህ፤ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ታፈርሰዋለህ። አፍርሰው! ከፍተህ ርታኝ። ምንም የማይሰማህ ከሆነም ምንም ሳይሰማህ ክፈትልኝ። ነገ አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን። ስሜትህ እስኪመለስልህ ድረስ ለሁለታችንም እኔ ይሰማኛል፤ እችለዋለሁ።

የማህፀኔ ፍሬ፣ ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ላንተ ይጨምርልህ። ክፉ አይንካህ፤ ከራስህም ይጠብቅህ።

ወረቀቱን በበሩ ሥር አስገባዋለሁ። ጫፉን ግን አልለቀውም፣ በዚህ በኩል ይዤዋለሁ። ሳበው ልጄ።

እናትህ