ስለ ጎደሉት አሥራ ስድስት ገጾች ለትምህርት ክፍላችን ኃላፊ

ለተከበሩ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ኃላፊና የመመረቂያ ጽሑፍ ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ ይልቁንም ዓይንዎን ደህና ያድርግልዎ እላለሁ፤ ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ የንባብ ጉዳይ ነውና። ይህን አቤቱታ በቢሮዎ በኩል ማቅረብ እንደሚገባኝ ጠፍቶኝ አይደለም። ሦስት ጊዜ አቅርቤ ጸሐፊዎ ሦስቱንም ጊዜ “ፋይል ውስጥ ገብቷል” ስላሉኝ፣ ፋይሉ ከዚህ በላይ እንዳይጨናነቅ አዝኜ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ነገሩን የማያውቅ አንባቢ ግራ እንዳይጋባ ከመነሻው ልጀምር። ትምህርት ክፍላችን ለሃያ ሁለት ዓመታት አንድ ልቦለድ ሲያስተምር ኖሯል። ታሪኩ ባልሠራችው ስርቆት ስለተከሰሰች አንዲት ልብስ አጣቢ ነው። በመጨረሻው ገጽ ዳኛው “የምትይው አለሽ?” ብሎ ይጠይቃታል። “ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችውና” ይላል ደራሲው፤ እዚያው ላይ ያበቃል። እርስዎ ከዚህች ቁራጭ ዓረፍተ ነገር “የዝምታ ፍጻሜ” የተባለውን ንድፈ ሐሳብ አወጡልን። ሴትዮዋ ዝምታን የመረጠችው ዓለም የእሷን ቃል ለመስማት ስላልበቃ ነው አሉ። ሁለት መጣጥፎች፣ አንድ መጽሐፍና አንድ የማዕረግ ዕድገት ተገኘበት።

እኔም አመንኩ። አላመንኩም ብል ውሸታም እሆናለሁ። በመጀመሪያ ዲግሪ ፈተና “ሴትዮዋ ዝምታን ለምን መረጠች?” ብለው ሲጠይቁን አራት ገጽ ሙሉ ጽፌ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ግን “መጽሐፉ ያለቀ አይመስለኝም” ብላ አንድ መስመር ብቻ ጻፈች። እርስዎም በቀይ እስክሪብቶ “ላይ ላዩን የተደረገ ንባብ” ብለው ዜሮ ሰጧት። እኔም ከሌሎቹ ጋር ሳቅኩባት፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ባለፈው ዓመት የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌን በዚሁ ልቦለድ ላይ ጀመርኩ። ያሳደገችኝ አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለኮሚቴው የማቀርበውን ገለጻ እሷው ክፍል ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ጮክ ብዬ ስለማመድ የስፌት መኪናዋን አቆመች። “የቷ ናት ዝም ያለችው?” አለችኝ። ነገርኳት። “አንቺ ልጅ፣ ያቺ ሴትዮ እኮ ፍርድ ቤቱን ቀውጢ ያደረገች ናት! ዳኛውን ራሱን ላብ በላብ አድርጋው የለም እንዴ?” ከዚያም የልብስ ቅድ የምታስቀምጥበትን መሳቢያ ጎትታ፣ በልጅነቷ ያነበበችውን መጽሐፍ ከካርቶን ቅዶቹ ሥር አወጣችው። እኛ የምንማርበት ቅጂ ገጽ ሁለት መቶ ስምንት ላይ ያበቃል። የአክስቴ ሁለት መቶ ሃያ አራት ገጽ አለው። በእነዚያ አሥራ ስድስት ገጾች ሴትዮዋ ትናገራለች። ማን እንደሰረቀ፣ ማን እያየ ዝም እንዳለ፣ ማን ምን እንደተቀበለ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራች፣ ትንፋሽ ሳትወስድ ትናገራለች።

በማግስቱ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሮጥኩ። ለሃያ ሁለት ዓመት ሲባዛ የኖረው ፎቶኮፒ የተነሳበትን ዋናውን መጽሐፍ አስወጣሁ። የሽፋኑን ውስጠኛ ገጽ ስገልጠው በእርሳስ፣ ጥርት ባለ እጅ ጽሕፈት “የመጨረሻው ጥራዝ፣ ፲፮ ገጽ፣ ጎድሏል” ይላል። የጻፉት እኛ ተማሪዎች ጋሼ ሙጫ የምንላቸው የቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ጠራዥ ናቸው። ጥገና ክፍላቸው ድረስ ሄጄ ስጠይቃቸው ከሥራቸው ቀና እንኳን ሳይሉ፣ “ልጄ፣ እኔ ጽፌያለሁ፤ ሽፋን የሚገልጥ ሰው ሲጠፋ ምን ላድርግ?” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፎቶኮፒ ሲነሳ የሽፋን ውስጥ አይነሳም። በውሰት ካርዱ ላይ ያለው የመጨረሻ ስም የእርስዎ ነው፤ ቀኑም ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

እንግዲህ ቅሬታዎቼንና ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

፩. ይህን ሁሉ በሦስተኛው ምዕራፌ ውስጥ በማስረጃ አስደግፌ ሳቀርብ፣ ኮሚቴዎ “ሙሉው ቅጂ የደራሲውን ጥበብ ያደበዝዛል” ብሎ ወስኗል። አንድ ደራሲ የጻፈውን መጨረሻ በማንበብ ጥበቡ እንዳይጎዳ ለሚያደርጉለት ጥበቃ፣ በሕይወት ባይኖርም፣ በእሱ ስም አመሰግናለሁ።

፪. ከገምጋሚዎቹ አንዱ “ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርነውን የአንዲት ልብስ ሰፊ መሳቢያ አይሽረውም” ብለዋል። ክቡርነታቸው የዚያን ቀን ለብሰውት የነበረውን ኮት እጅጌ ያሳጠረችላቸው አክስቴ መሆኗን ሲያውቁ ደስ ይላቸዋል ብዬ አምናለሁ። እሷ ጨርቅ ስትቆርጥ የጎደለ ካለ መጀመሪያ ትለካለች፤ የጎደለውን የጥበብ ፍጻሜ ብላ ለደንበኛ አታለብስም።

፫. ከስብሰባው በኋላ በኮሪደሩ ላይ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ “የኔ ልጅ፣ ለራስሽ ብለሽ ዝም ብትይ ይሻልሻል” አሉኝ። ንድፈ ሐሳብዎን ከወረቀት አውርደው በተግባር ሊያስተምሩኝ መድከምዎን አልረሳውም።

፬. ሦስተኛውን ምዕራፍ እስከ ዓርብ አውጥቼ “በተለመደው ንባብ መሠረት” እንደገና ካልጻፍኩ ዲግሪው እንደማይሰጠኝ በደብዳቤ ተነግሮኛል። ዲግሪው ካልተሰጠኝ ደግሞ በመምህርነት የተቀበለኝ ትምህርት ቤት ቦታውን ለሌላ ይሰጣል። ይህንን ሳስብ ሰሞኑን አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል፤ ተነስቼ እሄዳለሁ፣ ደረጃውን እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፣ ተመልሼ ያንኑ ምዕራፍ እገልጣለሁ። ምዕራፉን ሁለት ጊዜ ከኮምፒውተሬ ላይ አጥፍቼ ሁለቱንም ጊዜ መልሻለሁ። ይህን የምነግርዎ ሳልፈራ የጻፍኩ እንዳይመስልዎ ነው። ፈርቻለሁ።

ቢሆንም ዛሬ ጠዋት ጽሑፉን አንድ ቃል ሳልቀንስ ለሬጅስትራር አስገብቼ ደረሰኝ ተቀብያለሁ። ቀነስኩ እንዳይባል እንዲያውም ጨምሬበታለሁ፤ አሥራ ስድስቱን ገጾች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አባሪ አድርጌአቸዋለሁ። ኮሚቴዎ ሊጥለኝ ይችላል፤ ሥልጣኑ አለው። የሚጥለኝ ግን አንብቦ እንዲሆን ነው የፈለግሁት።

ከእርስዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ለእኔ አይደለም። ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው ልጅ በዚያ ዜሮ ምክንያት ትምህርት ክፍሉን ለቃ ሄዳለች። አሁን የት እንዳለች አላውቅም። ከእኛ ሁሉ መሃል ያንን መጽሐፍ በትክክል ያነበበችው እሷ ብቻ ነበረችና ውጤቷ በመዝገብ ላይ ይስተካከልላት። እኔ ያገኘሁትን ነጥብ ወስደው ቢሰጧትም ቅር አይለኝም፤ ለሌለ ዝምታ የተሰጠኝ ነጥብ ነውና።

የትምህርት ክፍሉን ሰላም፣ የእርስዎን ጤንነትና የፎቶኮፒ ማሽኑን ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፤

ትምህርትዎን እስከ ገጽ ሁለት መቶ ስምንት ድረስ በታማኝነት የተከታተለች፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ብቻዋን ለማንበብ የተገደደች፣

የቀድሞ አንደኛ ተማሪዎ

ማሳሰቢያ፦ አክስቴ መጽሐፏን ባለፈው ወር ለቤተ መጻሕፍቱ በስጦታ ሰጥታለች። በተመዘገበ ማግስት አንድ አንባቢ እንደተዋሰው ካርዱ ላይ አየሁ፤ ስሙ የእርስዎ ነው። የመመለሻው ቀን ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኗል፤ ተራ የያዙ አሥራ አንድ ተማሪዎችም እየጠበቁ ናቸው። ሲመልሱት እንዳይቸገሩ አንድ ነገር ልንገርዎ፦ ጋሼ ሙጫ ከመደርደሪያ ከመውጣቱ በፊት ገጾቹን አንድ በአንድ ቆጥረው በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ “ሙሉ ነው፤ ፪፻፳፬” ብለው ጽፈውበታል። አሁን ግን የጻፉት በእርሳስ አይደለም።