ባዶ ያልነበረው ቲዩብ

ሆሳዕና፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አቢጋኤል፣

ደብዳቤውን ቀድደሽ ሳትጥዪው ከከፈትሽው ዋናውን ነገር ላስቀድም፤ እጅሽ ንጹሕ ነበር። በባሕሩ ውኃ ውስጥ የተገኘው እንሰት ከአንቺ አልመጣም። ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይህን ካወቅሁ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኔ ነው፤ ከስምንት ወር ወዲህ ደህና እንቅልፍ የተኛሁትም በእነዚህ ቀናት ነው። ጥፋተኛነቱን አውቆ እንዲህ የቀለለው ሰው አይቼ አላውቅም፤ ይህንንም ልደብቅሽ አልፈልግም።

በቅደም ተከተል ልጻፍልሽ። የተዘበራረቀ ጽሑፍ እንዳትወጂ ያደረግሁሽ እኔ ነኝና።

ጅቡቲ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ውኃ ያጠለልኩባቸውን ስስ ወረቀቶች በበረዶ አምጥቼ ስሰጥሽ ምን እንዳልኩሽ አልረሳሽም። ከባሕር ሥር የሚበቅለው ሣር፣ ሳይነቀልና ሳይነካ፣ ውኃው ውስጥ የተወውን ዱካ እንድታወጪልኝ ነበር። ዲኤንኤው ሣሩ መኖሩን፣ አርኤንኤው ደግሞ አሁንም በሕይወት መሆኑን እንዲነግረን። በዩኒቨርሲቲው ግቢ ስንት ተሳቀብን። ሆሳዕና ተቀምጦ ባሕር የሚመረምረው፣ እዚሁ አጠገባችን ያለው ቦዮ ሐይቅ ምን አስቀይሞት ነው ይሉ ነበር። አንቺ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ጓንትሽን በየቲዩቡ እየቀየርሽ ሠራሽ።

ያኔ አንድ ደንብ ነበረኝ። ተማሪዎቹ የሚጽፉት የእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል ስላስመረረኝ፣ ቲዩብ ላይ የሚጻፍ ሁሉ በአማርኛና በሙሉ ቃል ይሁን ብዬ ማስታወቂያ ለጥፌ ነበር። «ብላንክ» ማለትን እንኳ ከልክያለሁ። ስለዚህ ከናሙናዎቹ ጋር እኩል የምናሳልፈውን ንጹሕ ውኃ፣ ሥራችን አለመበከሉን የሚመሰክርልንን ቲዩብ፣ ደንቤን አክብረሽ «ባዶ» ብለሽ ጻፍሽበት።

ቲዩቦቹን ዘረመላቸው እንዲነበብ ወደ ውጭ አገር ስንልክ ያሸግኩት ራሴ ነኝ። «ባዶ» የሚለውን አየሁት። በረዶ ለብሷል፤ ውስጡ ያለው ከአንድ ጠብታ አይበልጥም። ባዶ ቲዩብ መስሎኝ ወደ ፍሪዘሩ ጥግ ገፋሁት።

ውጤቱ ሲመጣ ከባሕር ሣሩ መሀል እንሰት ተገኘ። የክፍላችን ኃላፊ ኃይለኢየሱስ፣ የታጁራ ዓሦች ቆጮ ጀመሩ ወይ ብሎ ሲቀልድ ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ምሳሽን ከእንሰት የተጋገረ ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልለሽ እንደምታመጪ አውቃለሁ። በስብሰባው መሀል ተነሥቼ ያልኩሽን፣ ሌላ ሰው አለስልሶ ከሚያወራው እኔው ልጻፈው፤

«በቆጮ እጅሽ ባሕሩን አቦካሽው።»

አንቺ ድምፅሽን ሳታነሺ፣ «ዶክተር፣ ባዶውን አብሬ ሠርቻለሁ፤ እሱ ይታይልኝ» አልሽ።

«የታለ?» አልኩ። ከተላኩት ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ያልሠራችውን ሠራሁ አለች ብዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አስጻፍኩብሽ። በዚያ ደብዳቤ ምክንያት የማስተርስ ዕድልሽ ታገደ። ሥራሽን ትተሽ ሺንሺቾ እናትሽ ቤት ገባሽ።

ማወቅ ነበረብኝ። ያወጣሽው አርኤንኤ ሳይሰባበር፣ ሙሉ ሆኖ ነበር የተነበበው። አርኤንኤ ግዴለሽ እጅ ከነካው የሚጠፋ ነገር ነው፤ ይህን ለሃያ ዓመት ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬያለሁ። እጅሽ ቆሻሻ ቢሆን መጀመሪያ የሚበላሸው እሱ ነበር። ማስረጃው ፊቴ ነበር፤ ንዴቴ ቀደመው።

በዚህ ወር መጀመሪያ ፍሪዘሩን በረዶ ስለሞላው አጥፍተን አጸዳነው። የላብራቶሪው ጽዳት ሠራተኛ ወይዘሮ ሙሉነሽ ጥጉን ስትጠርግ አንድ ቲዩብ አንሥታ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየች።

«ዶክተር፣ ባዶ ብላችሁ የጻፋችሁበት ባዶ አይደለም እኮ። ውኃ አለው። ልጣለው?»

ጽሑፉ የአንቺ ነበር፤ ከሥሩ የሠራሽበት ቀንም አለ። ቁጭ አልኩ። ሙሉነሽ ስኳሬ የወረደ መስሏት ሻይ ልታመጣ ሮጠች።

እንሰት ይኖርበት እንደሆነ የዚያኑ ቀን መረመርኩት። የለበትም። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ የለበትም። በላብራቶሪ ካልገባ የገባው ባሕሩ ዳር ነው፤ ባሕሩ ዳር ደግሞ ከእኛ ሰው የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ጀልባው ላይ የናይለን ገመዳችን ሲበጠስ፣ ከቤት ስወጣ ሻንጣዬን ያሰርኩበትን ቃጫ ፈትቼ የውኃ መቅጃ ጠርሙሱን በሱ ወደ ባሕሩ አወረድኩ። ስመለስ የሀዲያ ቃጫ ባሕር ደረሰ እያልኩ እንደ ጀብዱ አውርቼላችኋለሁ። ቃጫ ከእንሰት እንደሚፋቅ የዘነጋ የሆሳዕና ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ከገመዱ የተረፈውን ቁራጭ ዘፍዝፌ ውኃውን መረመርኩት፤ እንሰት ነው።

ይህን ስነግረው ኃይለኢየሱስ፣ አሁን እኮ ሁሉም ረስቶታል አለኝ። እሷ አልረሳችም አልኩት። ማስጠንቀቂያሽ በቃለ ጉባኤ ተሰርዟል፤ በምትኩ በእኔ ስም ሌላ ተጽፏል። ያረቀቅሁት እኔው ነኝ። ኃይለኢየሱስ ቃሉ በጣም ጠነከረ ብሎ ሁለት ቦታ አለሰለሰው፤ እኔ የቀድሞውን ቃል መልሼ አስገባሁት። የማስተርስ ዕድልሽ ለመስከረም ተከፍቶልሻል፤ የስረዛው ደብዳቤ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ከእኔ ጋር ለመሥራትም ሆነ ላለመሥራት ምንም ግዴታ የለብሽም።

ይህን በእጄ ላደርስልሽ ትናንት ሺንሺቾ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ነበር። ሳይነሣ ወረድኩ። ደጃችሁ ስደርስ ብድግ ብለሽ ወንበርሽን ስትለቂልኝ፣ እናትሽም ምግብ ካልቀመሱ አይሄዱም ሲሉኝ ታየኝ። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይቅርታ መጠየቅ፣ ይቅርታሽን በግድ እንደ መውሰድ ሆነብኝ። ስለዚህ ደብዳቤው ይቅደም አልኩ። ይምጡ ካልሽኝ እመጣለሁ።

ያን ቀን ግን ከወንበርሽ አትነሺልኝ።

በደለኛ መምህርሽ፣
ዕንባቆም ጠና