የአክስቴ የቀመሪያ ቤት

መጋቢት 12 ቀን 1921
ከባቡር ጣቢያው የእንጨት ሥራ ወጥቼ ከአዳማ እስከ መንደራችን ድረስ በእግር። ወገቤ አልቃና አለኝ። አክስቴ ቀመሪያ እንደ ወትሮዋ በጭሱ መሀል... ላሟ ከእግሯ ሥር ተኝታ። ስትስል አደረች።
«ከክረምቱ በፊት ቤት እሠራልሻለሁ» አልኳት።
«ለምሞት ሴትዮ ምን ያደርጋል?»
እንዳትሞት እኮ ነው።

ሚያዝያ 20
ድንጋይ ስሸከም ከረምኩ። ዛሬ ጎረቤት ለደቦ ወጥቶ ጣራው ተከደነ። መስኮት ማውጣቴን አይተው ሳቁብኝ። ላሟም የራሷ ጋጣ አላት።
የመንደራችን አለቃ፣ ቆሯችን አያ ሰንበታ ዙሪያውን ዞሮ አየና «ያምራል» አለ። ደስ አለኝ።
ጎረቤታችንን ሆራን፣ ቀጥሎ ያንተን እንሥራ ስለው ይቅርብኝ አለ። ለምን ብዬ ስጠይቀው ወደ ጎጆው ገባ። ልጆቹ እኮ በጭስ ዓይናቸው ጠፋ...

ግንቦት 8
ሳሏ ቀለል ብሎላታል።

ሰኔ 23
ዝናብ። መንደር ስደርስ አክስቴ ደጅ በቅሎዎች ታስረዋል። ከአሰላ የመጣ ሹም ከነአሽከሮቹ ቤቷ ሰፍሯል። እሷ ጋጣው ውስጥ፣ ከላሟ ጋር፣ በርጥብ ቡልኮ... ሳሉ ተመልሶባታል።
አያ ሰንበታ ዘንድ ሄጄ ለመንኩ።
«ታዲያ የት ላሳርፋቸው? ከሆራ ጎጆ? ደህና ቤት የሠራኸው አንተ» አለኝ።
ሹም ሲያልፍ ከመንደሩ የተሻለው ቤት እንደሚለቀቅለት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እንዴት ረሳሁት? ሆራ ከበሩ ቆሞ «አሁን ገባህ?» አለኝ። ገባኝ። አፈርኩ።

ሐምሌ 2
ሄዱ። አክስቴ ወደ ቤቷ ገባች።
«አፍርስልኝ» አለችኝ።
«ቤቱን?»
«ማማሩን።»

ሐምሌ 9
ከሆራ ጋር ጣራው ላይ ጥላሸት የጠጣ አሮጌ ሣር ደረብን። የደከምኩበትን ድንጋይ በእበት ለቀለቅነው። የመንገዱን መስኮት ደፍነን በጓሮ በኩል አወጣን። እንዲህ ያስጠላኝ ሥራ የለም።
አያ ሰንበታ ሲያልፍ ቆም አለ።
«ምን ነካው ቤቱ?»
«ዝናቡ ነው አያ።»
ራሱን ነቅንቆ ሄደ። አመነኝ? እንጃ።
ውስጡ ደረቅ ነው። አክስቴ ተኝታለች፣ አትስልም። ሆራ እጁን እየታጠበ ቀስ ብሎ «የእኔንም ሥራልኝ» አለ።
«እንደዚህ?»
«እንደዚህ። እንዲያውም ከዚህ የባሰ አስቀያሚ አድርገው።»