«ለዕድሜዎ አይሆንም» ላሉኝ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ ሥራ አስኪያጅ

ይድረስ ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣

የቢሮዎ መጋረጃ ከፀሐይ፣ የሚሽከረከረው ወንበርዎም ከወገብ ሕመም ይጠብቅዎ ዘንድ እየተመኘሁ፣ እኔ ከተቋምዎ ጀርባ የምኖረው ልብስ ሰፊ አክብሮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

፩ኛ. ለጀማሪዎች ትምህርት ልመዘገብ በመጣሁ ጊዜ፣ በተማሪዎችዎ ፊት ከላይ እስከ ታች አይተውኝ «እማማ፣ ይሄ ለዕድሜዎ አይሆንም፤ መርፌዎ ይሻልዎታል» ስላሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ። «እማማ» ብለው ማክበርዎን መቼም አልረሳውም። ወጣቶቹ ሲስቁ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ።

፪ኛ. እንባዬ ሲደርቅ የእህቴ ልጅ ጥላው የሄደችውን አሮጌ ላፕቶፕ ከቁም ሣጥን አውጥቼ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ አስቀመጥኩት። አስተማሪ ስለነፈጉኝ፣ ከኢንተርኔት ቪዲዮ እያየሁ፣ እያቆምኩ፣ ወደ ኋላ እየመለስኩ ተማርኩ። ፋይልን ከፎልደር ለመለየት ፍዳዬን አየሁ። ለሟች ወንድሜ መታሰቢያ የጻፍኩት ሁሉ፣ የላፕቶፑ ባትሪ የሞተ ነውና፣ ሴቭ ሳላደርገው መብራት ሄዶ ድራሹ ጠፋ። ያን ቀን ላፕቶፑን በመስኮት ልወረውረው ትንሽ ነበር የቀረኝ። በማግሥቱ እንደገና ቁጭ ብዬ ጻፍኩት፤ ሁለተኛው ከፊተኛው በለጠ። ስላላስተማሩኝ እግዜር ይስጥልኝ።

፫ኛ. የሰፈር ወሬ መች ተደብቆ ያውቃል? ጡረተኛዋ ነርስ መጣች፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ተከተለች፣ ሳሎኔ ሞላ። ሁላችንም ጀማሪዎች ነንና ማንም በማንም አይስቅም፤ አንዷ ስትሳሳት «አይዞሽ፣ ንኪው፣ አይፈነዳም!» እንባባላለን።

ትናንት ታዲያ ዘበኛዎ በሬን አንኳኩቶ፣ በኀፍረት መሬት መሬት እያየ፣ «ያለ ፈቃድ ማስተማሯን ካላቆመች አስዘጋታለሁ ብለዋል» አለኝ። ስለ ማስጠንቀቂያዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ነገር ግን አላቆምም። ሴቶች በገዛ ሳሎኔ ተሰብስበው ያልገባቸውን መጠያየቃቸው ወንጀል ከሆነ፣ የሚዘጋውን ሰው ይዘው ይምጡ። በሩ ክፍት ነው፤ ለእርስዎም መቀመጫ አናጣም።

እምቢታዬን በትሕትና ጠቅልዬ የላክሁልዎ፣
የጀርባ ጎረቤትዎ

ሳልረሳው፦ ከተማሪዎቼ አንዷ ወላጅ እናትዎ ናቸው። ባለፈው እሑድ በገዛ እጃቸው ጽፈው የመጀመሪያ መልእክታቸውን የላኩት ለእርስዎ ነው፤ «ልጄ፣ እንዴት ነህ?» ይላል። ማንበብዎን ስልካቸው ያሳያል። መልሱን እስካሁን እየጠበቁ ነው።