ድምፄ ብቻውን ሲደውልልህ

ለምትናፍቀኝ አባቴ፣

ከጉልበትህ ልጀምር፤ እንዴት ሆነልህ? ሳሉስ ለቀቀህ? እማዬስ፣ ቤቱስ፣ ጎረቤቱስ እንዴት ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፣ የናንተ ናፍቆት ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ።

ወንድሜ ስልክ ማንሳት መተውህን ነገረኝ። ልጄ ኮራች፣ አንቱ ብላ እንደ ባዳ ታናግረኝና ጆሮዬ ላይ ትዘጋብኛለች ብለሃል አሉ። ብደውል አላነሳ ስላልክ በወረቀት መጣሁልህ። አባባ፣ የደወለልህ እኔ አይደለሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምሠራበት ሐኪም ቤት ለታካሚዎች እየደወልኩ ቀጠሯቸውን የማስታውሰው እኔ ነበርኩ። በቅርቡ ይህንኑ የሚሠራ መሣሪያ ገባና ድምፄን ቀዱለት። ለሙከራ ቁጥር አስገቢ ስባል በቃሌ የማውቀው ያንተን ብቻ ሆነ፤ አስገባሁት፣ ማጥፋቱን ግን ረሳሁት። መሣሪያው ደግሞ መርሳት የሚባል አያውቅም። በየማለዳው «ነገ ቀጠሮ አለዎት» ሲልህ ከረመ።

መሣሪያውን የተከለልን ባለሙያ እንዲህ ያለው ጥሪ ሮቦኮል ይባላል አለኝ። ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ኮል በእንግሊዝኛ ጥሪ ነው፤ ሮቦ ያሉት ሮቦትን አሳጥረው ነው፤ ሮቦት ደግሞ ከመቶ ዓመት በፊት ከሩቅ አገር ቋንቋ የተወሰደ ቃል ነው፣ ሥሩም ለጌታ በግዴታ የሚሠራ ሥራ ማለት ነው አለ። ሳቄ መጣ። ለካ እኔ ተደላድዬ ቁርሴን ስበላ ድምፄ ግዳጅ ወጥቶ አባቴን ሲያስቀይም ከርሟል።

መሣሪያው የሰዎችንም መልስ ይቀዳል። ያንተን አሥራ ሰባቱንም ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ጣሪያው ማፍሰሱን፣ እማዬ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ ቤቱን ስታምስ መዋሏን፣ ሁሉንም ነግረኸዋል። «ስሚኝ እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሻል?» ብለህ የተቆጣኸውማ ሆዴን እስኪያመኝ አሳቀኝ። ለጣሪያው ወንድሜ ቅዳሜ ይመጣል።

እማዬን ጉንጯን ሳምልኝ። እህቴን ያን ኩርፊያዋን ትታ ትጻፍልኝ በላት። አክስቴንና ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን ሰላም በልልኝ።

የመጨረሻውን መልስህን ስሰማ ግን አለቀስኩ። «አንቺ ልጄ ካልሆንሽም፣ እሷን ካገኘሻት አባትሽ ደህና ነው በያት» ነው ያልከው። መልእክትህ ደርሶኛል አባባ። ቁጥርህን ከመሣሪያው አጥፍቻለሁ። እሑድ ከሰዓት ስልኩ ሲጮህ እኔው ነኝ፤ አንሳውና እስኪበቃህ አውራኝ፣ እኔ አልዘጋም።

ልጅህ
ከሐኪም ቤቱ ስልክ ክፍል፣ ኅዳር ፱ ቀን